እንደ ማንኛውም በሽተኛ

የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊዋን ነርሶቹ ከጀርባዋ «ሲስተር ደንቡ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በክፋት አይደለም። አዲስ ነርስ ወደ ክፍሉ በተመደበች ቁጥር በሽተኛ አቀባበል የምታስተምራት ራሷ ነበረች፤ ልጅቷ አንዲት ነገር ከዘለለች ደግሞ ቀና ትልና ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ደንቡ ምን ይላል?» ትላለች።

ደንቡ ብዙ ነገር ይላል። እጅሽን ታጠቢ። ማን እንደሆንሽ ንገሪው። ስሙን ጠይቂና በስሙ ጥሪው፤ «አልጋ አምስት» የሚባል ሰው የለም። ትኩሳቱን፣ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ለኪ። የሚወስደውን መድኃኒትና የማይስማማውን ጠይቂ። እስከዚህ ድረስ የትኛዋም ነርስ ታደርገዋለች። የሲስተር ደንቡ ክፍል የሚለየው ከዚህ በኋላ ባለው ነበር። ዓይኑ ደህና ያያል? ጆሮውስ? ሲነሳ ያዞረዋል? ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ይታያል፤ መሄድ የማይችል ከሆነ በጣት ይጠቆማል። በመጨረሻ የጥሪ ደወሉ ገመድ እጁ ላይ ይቀመጥና በሽተኛው ራሱ አንዴ ይጎትተዋል። መንገር አይበቃም፤ መጎተት አለበት። በዚህ የተነሳ ክፍሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደወል ይጮሃል፤ የጎረቤት ክፍል ነርሶችም «እናንተ ጋ ሁልጊዜ ሠርግ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ የሳንባ በሽታ በረታ። ድንገተኛ ክፍል ሞላ፤ በሽተኛ በቃሬዛ ኮሪደር ላይ መተኛት ጀመረ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣ «ሲስተር፣ አልጋ እያለሽ ሰው ኮሪደር ላይ ያድራል፤ ነርሶችሽ አንድ በሽተኛ ለመቀበል ለምን ይሄን ያህል ይቆያሉ?» ብሎ አንዴ ጠየቃት። እሷም ደንቡን ነገረችው። ሁለተኛም ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት የልጆች እናት፣ ፎቅ ላይ ባዶ አልጋ እየጠበቃት፣ እታች ኮሪደር ላይ ሞተች። እሷ በምትሞትበት ሰዓት፣ ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ ለአንድ ሽማግሌ ደወል እያስጎተተች ነበር።

ሲስተር ደንቡ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ነርሶቿን ሰበሰበችና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አጭሩን እናደርጋለን። ልኬቱንና የመድኃኒቱን ጥያቄ አትተዉም። የቀረውን ፋታ ስታገኙ ትመለሱበታላችሁ» አለች።

ፋታ የሚባል ነገር ግን አልመጣም። አንዱ አልጋ ሲለቀቅ ሌላው ይተካል፤ ነርሶቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጡ ይውላሉ። ሳምንታት አለፉ፤ አጭሩ አቀባበል የክፍሉ ልማድ ሆነ። የደወሉ ጩኸትም ቀነሰ። ኮሪደሩ ቀለል አለ፤ ደግሞም እዚያ የሞተ ሰው አልነበረም። ይህም እውነት ነው።

አባቷ የታመሙት በዚህ መሀል ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከትንሹ ልጃቸው ከልብስ ሰፊው ጋር ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ኩሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ማስቸገር የሚጠሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሞት ቢመጣባቸው እንኳ «ምነው፣ ደህና ነኝ» የሚሉ ዓይነት ሰው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግራ ዓይናቸው ማየት አቁሟል። ቤተሰቡ ያውቃል፤ ለውጭ ሰው ግን ትንፍሽ አይሉም። ሰው በግራ በኩል ሲያናግራቸው አንገታቸውን ሙሉ ለሙሉ ያዞራሉ፤ ምነው ካሏቸው፣ «የሹፌር ልማድ ነው፣ መስታወት አላምንም» ይላሉ።

ያን ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው ደወለላት። «እቴ፣ አባዬ ትንፋሹ አላማረኝም። ‹ደህና ነኝ› ይላል፣ ግን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶታል።»

«አሁኑኑ ታክሲ ያዝና አምጣው። ካባውን ደርብለት» አለችው።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ሳንባቸውን አዳምጦ ይተኙ አለ። ፎቅ ላይ አንድ አልጋ ነበር፤ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ግድግዳው ጥግ። ሲስተር ደንቡ ወርዳ አየቻቸው፤ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጠቀሱላት። ልትቀበላቸው የፈለገችው ራሷ ነበረች። ነገር ግን ዳይሬክተሩ የክፍል ኃላፊዎችን ሁሉ ለስብሰባ ጠርቷል፤ የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆነችው ሜትሮንም በር ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበረችውን ነርስ ጠራቻት። ልጅቷ ከነርሶቹ ሁሉ በዕድሜ ታናሽ፣ በሥራ ደግሞ ጎበዝ ናት። ሰውነቷ የሸንበቆ ያህል ስለሆነ ሁሉም «ቀጮ» ነው የሚላት።

«አባቴ ወደ ክፍላችን ሊወጣ ነው» አለቻት።

«አውቄያለሁ ሲስተር። ምን የተለየ ላድርግላቸው?»

«ምንም። እንደ ማንኛውም በሽተኛ ተቀበያቸው። የኃላፊዋ አባት ነው ተብሎ ሌላው እንዲጠብቅ አልፈልግም።»

ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። ለዘመድ የማታደላ፣ ሥራዋን የምታከብር ሴት መሆኗ ውስጧን ሞቅ አደረገው። ስብሰባው ላይም ዳይሬክተሩ በሽተኛ ቶሎ በመቀበል የእሷ ክፍል ከሁሉም ብልጫ እንዳገኘ ተናገረና ሌሎቹን ኃላፊዎች፣ «እንዴት እንዳደረገችው ጠይቋት» አላቸው። አንገቷን ደፋች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ነበር።

ላይ ደግሞ ቀጮ ሽማግሌውን ተቀበለች። ስሟን ነገረቻቸው፣ በስማቸው ጠራቻቸው። ትኩሳታቸውን፣ ትንፋሻቸውንና ግፊታቸውን ለካች። የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቀች፤ ልጃቸው ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። መርፌያቸውን ወጋች፣ ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው። ሽማግሌውም «እግዜር ይስጥሽ፣ እጅሽ ቀላል ነው» ብለው መረቋት። ከኋላዋ ሁለት ቃሬዛ በር ላይ ቆሟል። የደወሉ ገመድ ከአልጋው ራስጌ በግራ በኩል ተንጠልጥሏል፤ መጸዳጃ ቤቱም በዚያው በግራ በኩል ነው። ልትነግራቸው አሰበች። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቃሬዛ ላይ ያለው ሰው ማቃሰት ጀመረ፤ እሷም «አባባ፣ እመለሳለሁ» ብላቸው ሄደች።

ልብስ ሰፊው ትንሽ ቆይቶ ቢጃማና ውሃ ሊገዛ ወረደ። ሽማግሌው ሽንታቸው መጣ። ከአጠገባቸው የተኛውን ሰው፣ «ወንድሜ፣ መጸዳጃው ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው በግራ በኩል ጠቆማቸው፤ ጥቂት ይቆዩና ነርስ ይጥሩ ብሎም መከራቸው። «ለዚህ ለዚህማ ሰው አይጠራም» አሉትና ኦክስጅናቸውን ከአፍንጫቸው አውጥተው፣ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። የጎረቤታቸው የግሉኮስ መስቀያ ብረት እግሮቹን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ በግራ በኩል። አላዩትም።

የስብሰባው አዳራሽ በር ተከፈተና የጽዳት ሠራተኛዋ አንገቷን አስገባች። ዳይሬክተሩን አላየችም፤ ያየችው ሲስተር ደንቡን ብቻ ነው። ሲስተር ደንቡ የሰውን ፊት ማንበብ ሥራዋ ስለሆነ፣ ምንም ሳትጠይቅ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

ራጅ ሲነሱ የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሯል። የአጥንት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገራት፤ ግን በዚህ ሳንባ ማደንዘዣ አይችሉትም፤ ሳንባው እስኪሻለው መጠበቅ ግድ ነው። ሲስተር ደንቡ ሐኪሙን ማብራሪያ አልጠየቀችውም። የተሰበረ ዳሌ ይዞ በጀርባ መተኛት የታመመ ሳንባን ምን እንደሚያደርገው ስንት ሽማግሌ ላይ አይታለች። ለወንድሟ ግን «ሲሻለው ይጠግኑታል» ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ሲስተር ደንቡ ቀጮን አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ልጅቷ የታጠፈ አንሶላ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ሲስተር፣ ደወሉን አላሳየኋቸውም» አለች። «ዓይናቸውንም አልጠየቅኩም። አንገታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። ቅር ብሎኝም ነበር። ግን ሁለት ሰው ይጠብቀኝ ነበር።»

«አጭሩን አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ለእርስዎ አባት ግን...»

«ለእኔም አባት። እንደ ማንኛውም በሽተኛ አላልኩሽም?»

ቀጮ አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲስተር ደንቡ ጀርባዋን ዳሰሰቻትና ወጣች።

የዚያኑ ቀን ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ያወራሉ፤ በየመሀሉ ትንፋሽ ይሰበስባሉ።

«ያቺን ቀጭን ልጅ እንዳትቆጫት» አሉ።

«ማን ተቆጣት አባዬ?»

«ደወሉን አሳይታኛለች። ‹ሳይጠሩ እንዳይነሱ› ብላኛለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ልቡ ደረቅ ነው።»

ሲስተር ደንቡ አየቻቸው። አባቷ በሕይወታቸው ስንት ጊዜ እንደዋሹ አታውቅም፤ ሲዋሹ ግን ሁልጊዜ ቀኝ ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ እንደሚተክሉ ታውቃለች። አሁንም ጣሪያውን እያዩ ነው።

«እሺ» አለቻቸው።

«እንጀራዋ ነው። ልጅ ናት። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ግንብ ገጭቻለሁ፤ ረዳቴ ‹ግንቡ ነው የመጣብን› ብሎ አዳነኝ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳሉ ቀደማቸው። እስኪያልፍላቸው ትከሻቸውን ደግፋ ያዘቻቸው።

ሜትሮኗ የወደቀ በሽተኛ ሁሉ ስለሚመረመር ሁለቱንም ቢሮዋ ጠራቻቸው። ቀጮን ገና መጠየቅ ስትጀምር ሲስተር ደንቡ ጣልቃ ገባች።

«ሲስተር፣ ልጅቷ ያደረገችው የታዘዘችውን ነው። አቀባበሉን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ማንንም ሳላስፈቅድ።»

ሜትሮኗ ቀጮን አስወጣችና በሩን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ አብረው ሠርተዋል፤ አንድ ላይ ጥቁር ፀጉር ነበራቸው፣ አንድ ላይ ሸብተዋል። «ስሚኝ» አለቻት። «በጭንቅ ጊዜ የሆነ ነው። ዳይሬክተሩም አመስግኖሻል። ይህን ነገር እንዲህ አድርገሽ አታንሺው። የተጎዳውም የራስሽ አባት ነው፤ ማን ይከስሻል?»

«የሌላ ሰው አባት ቢሆንስ?»

«አልሆነማ።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ማንም አልተቀጣም። ሲስተር ደንቡ ግን ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብትቀጣ ይቀላት ነበር። የወረደ የወጣው ሁሉ «ምነው ሲስተር፣ ደከመሽ?» ይላታል፤ እሷም «ትንሽ» ትላለች።

ያኔውኑ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አጭሩ አቀባበል መቅረቱን ለነርሶቿ ነገረች። አንዷ ብቻ ናት «ኮሪደሩስ?» ያለችው። ሲስተር ደንቡም «አላውቅም» አለች፤ ነርሶቹ ይህን ቃል ከአፏ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

አባቷ እያደር ደከሙ። ሳንባቸው ሊሻለው ጀምሮ እንደገና ሞላ። ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት እየመጣ ፂማቸውን ይላጫቸዋል። ቀጮ በየቀኑ፣ ተረኛ ባትሆንም፣ እየመጣች ታገላብጣቸዋለች፣ ተረከዛቸውን በዘይት ታሻለች፣ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ልብስ ሰፊው ይህን እያየ፣ «እቴ፣ ይቺ ልጅ መልአክ ናት» ይላት ነበር። እሷም «ጎበዝ ናት» ትለዋለች። ከዚያ በላይ አፏ አይከፈትም። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ አባቱን የሚላጭበትን እጁን ታይና ትተወዋለች።

በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ልጃቸው በቀኝ፣ እሷ በግራ። አንገታቸውን አዙረው ፈለጓት።

«እዚህ ነኝ አባዬ» አለችና እጃቸውን ያዘች።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። «ወራጅ አለ» አሉ፤ የአውቶቡስ ረዳት ለሹፌር እንደሚለው። ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳትወርድ አረፉ።

ለቅሶው በልብስ ሰፊው ቤት ሆነ። ስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ወንበር ተደረደረ። ሹፌሮች፣ ጎረቤቶች፣ የሆስፒታሉ ሰዎች እየመጡ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ቀጮም ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው እንዳያት ተነሳ። እጇን ይዞ ወደ ሰዉ መሀል አመጣት።

«አባዬን ያስታመመችው ይቺ ናት» አለ። «እኛ ልጆቹ ያላደረግነውን አድርጋለች። እናንተ ፊት ላመሰግናት እፈልጋለሁ። እህቴ፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ።»

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። እጇን ከእጁ አላቃ ወደ ጓሮ ሮጠች። ልብስ ሰፊው «ምን አልኳት?» ብሎ እህቱን አያት። ሲስተር ደንቡ ተነስታ ክንዱን ያዘችውና ወደ አባታቸው ክፍል አስገባችው። አልጋው አልተነጠፈም። በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረችው። ኮሪደር ላይ የሞተችውን እናት፣ አጭሩን አቀባበል፣ «እንደ ማንኛውም በሽተኛ» ያለችውን፣ ደወሉን፣ አባታቸው የዋሹትን። አንድም አላስቀረችም፤ ራሷንም አላዳነችም።

ልብስ ሰፊው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማት። ከሳሎኑ የሰዎቹ ዝቅተኛ ድምፅ ይሰማል።

«አንቺ ብትቀበዪው ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ደወሉን ታስጎትቺው ነበር?»

«አዎ።»

«ጊዜ ባይኖርሽም?»

«አዎ።» መዋሸት አልቻለችም። «አባቴ ነዋ።»

«ስለዚህ ጊዜ ነበረ ማለት ነው።»

ተነስቶ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ ለቅሶተኞቹ ተመለሰ። ከጓሮ ቀጮን ፈልጎ አመጣት፤ ወንበር ሰጥቶ ውሃ ቀዳላት። እህቱን ግን የዚያን ቀን ዳግመኛ አላናገራትም።

ቀጮ ከወር በኋላ ወደ ሕፃናት ክፍል እንድትዛወር ጠየቀችና ተዛወረች። በውስጥ ደዌ ክፍል ደወሉ እንደ ቀድሞው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ኮሪደሩም እንደ ቀድሞው ሞልቷል። ዳይሬክተሩ ሲስተር ደንቡን መልሶ መጠየቅ ጀምሯል። አሁን ግን ደንቡን አትነግረውም። ነርስ እንዲጨምርላት ትጠይቀዋለች፤ እሱም በጀት የለም ይላታል፤ በሳምንቱ ተመልሳ ትጠይቀዋለች። ፋታ ስታገኝ ራሷ ወደ ታች ትወርድና ቃሬዛ ላይ የተኙትን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ትጠይቃለች፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ መድኃኒት፣ ቤተሰብ። ላይ ሲወጡ ጊዜ እንዲያተርፉ። አንዳንዱ በሽተኛ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም። የትኛው በምን ምክንያት እንደሆነ አሁን እርግጠኛ አይደለችም። አቀባበል ስታስተምርም እንደ ድሮው ሰውን አታርምም፤ ጎን ቆማ ታያለች፣ አብራ ትሠራለች።

በየእሑዱ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። የወንድሟ ሚስት ደህና ትቀበላታለች፤ እሱ ግን ለጠየቀችው ብቻ ይመልሳል። አልተጣሉም፤ ሰው ቢያያቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። አንድ እሑድ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሱሪ እያጠበበ ሳለ፣ ቀና ሳይል፣ «ሥራ እንዴት ነው?» አላት። ከለቅሶው ወዲህ ጠይቋት አያውቅም።

«ትናንት አንድ ሰው ኮሪደር ላይ ብዙ ጠበቀ» አለች። «የፈረስ ጋሪ ነጂ ነው። ላይ ያለችውን አሮጊት ተቀብለን እስክንጨርስ።»

መኪናውን አቆመ። «ሞተ?»

«አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ገንፎ ጠይቋል።»

«እሺ» አለ። ጨርቁን አስተካክሎ ፔዳሉን ረገጠው፤ እሷም ወንበሯን ትንሽ ወደ እሱ አስጠግታ ስፌቱን እያየች ተቀመጠች።